ፈቃድ ያለው የባንድ ካናቴራ እንዴት ይገዛል? የጎንደር ነጋዴ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት

የጥር ወር በተቃረበ ቁጥር የጎንደር ካናቴራ ገበያ ይሞቃል። ለከተራና ለጥምቀት ታቦታቱ ወደ ዐፄ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ በቡድን የተሰባሰቡ ወጣቶች አንድ ዓይነት ጽሑፍ የታተመበት ካናቴራ ለብሰው ያጅባሉ። ለዚህ በዓል የተዘጋጀ ኅትመት በአብዛኛው የሰፈርና የጓደኛሞች ማኅበር ሥራ በመሆኑ ከማንም ጋር አያጣላም። ጣጣው የሚመጣው ነጋዴው በዚያው ማተሚያ ላይ የቦብ ማርሌይን ፊት፣ የውጭ የሮክ ባንዶችን ምልክት ወይም የአገራችንን ባንዶች ስም አሳትሞ ሲደረድር ነው። ከፋሲል ግቢ የሚወጣው ጎብኚም ሆነ ከውጭ ለበዓል የመጣው የአገር ልጅ ካናቴራውን ገልበጥ አድርጎ አንገቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ካነበበ በኋላ «ይህ ኦሪጅናል ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ ጥያቄ በወረቀት የተደገፈ መልስ ያለው ሻጭ ጥቂት ነው።

ጥያቄው የጎብኚ ቅንጦት ብቻ አይደለም። በኦሪጅናልና በአስመስሎ በተሠራ ካናቴራ መካከል ያለው ልዩነት የዋጋ፣ የዕቃ መወረስና አንዳንዴም የእስር ልዩነት ነው። ስለዚህ የዛሬው የገበያ ዓምዳችን ፈቃድ ያለው የባንድ ካናቴራ ምን ማለት እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚለይና ሒሳቡ ያዋጣ እንደሆነ ያብራራል።

ፈቃዱ የምን ፈቃድ ነው?

ብዙ ሰው «ኦሪጅናል» ሲባል የጨርቁ ጥራት ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ጥሩ ጨርቅ ላይ ያለፈቃድ ሊታተም ይችላል፤ መናኛ ጨርቅ ላይም በፈቃድ ሊታተም ይችላል። ኦሪጅናል የሚያሰኘው ኅትመቱን ለማተምና ለመሸጥ ከመብቱ ባለቤት የተገኘው ስምምነት ነው።

በአንድ የባንድ ካናቴራ ላይ ቢያንስ ሦስት መብቶች ይገናኛሉ። አንደኛው የባንዱ ስምና ምልክት ነው፤ ይህ በንግድ ምልክት ሕግ ይጠበቃል። ሁለተኛው ሥዕሉ ወይም ፎቶግራፉ ነው፤ ይህ የሠዓሊው፣ የፎቶግራፍ አንሺው ወይም መብቱን ከእነሱ የገዛው ሰው የቅጅ መብት ነው። ሦስተኛው የሙዚቀኛው መልክ ነው፤ የሰው መልክ የራሱ የሰውየው ነው። አንዱን ያስፈቀደ ሦስቱንም አስፈቀደ ማለት አይደለም።

ምልክት ብቻውን ምን ያህል እንደሚያወጣ የሮሊንግ ስቶንስ ምላስና ከንፈር ጥሩ ማስረጃ ነው። ይህን ምልክት እ.ኤ.አ. በ1970 የሣለው እንግሊዛዊው ጆን ፓሽ ለሥራው በመጀመሪያ የተከፈለው 50 ፓውንድ ነበር። የመጀመሪያው ንድፍ ግን እ.ኤ.አ. በ2008 በጨረታ ወጥቶ የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ገዝቶታል፤ ምልክቱም በመላው ዓለም በካናቴራ ላይ ሲሸጥ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሙዚቃው በካሴት፣ ከዚያም በሲዲ፣ አሁን ደግሞ በኢንተርኔት ሲሸጥ ምልክቱ ግን በጥጥ ላይ እንዳለ ነው።

በውጭ አገር ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ኢንዱስትሪ ነው። ባንዶች ራሳቸው ካናቴራ አይሰፉም። መብታቸውን ለአንድ ድርጅት ያከራያሉ፤ ድርጅቱ ደግሞ ለአታሚዎችና ለአከፋፋዮች ከፋፍሎ ይሰጣል። ለምሳሌ ብራቫዶ የተባለው ድርጅት ዩኒቨርሳል ሚዩዚክ እ.ኤ.አ. በ2007 ሳንክችዋሪ የተባለውን ኩባንያ ሲገዛ አብሮ የተጠቃለለ ሲሆን የብዙ ታዋቂ ሙዚቀኞችን ዕቃ በፈቃድ ያሠራጫል። እንግዲህ አንድ ካናቴራ ከባንዱ ተነስቶ ገዢው እጅ እስኪገባ ሦስት አራት ውሎችን ያልፋል ማለት ነው። የአንዱ ሰንሰለት ቀለበት ከተበጠሰ ዕቃው ፈቃድ የለውም።

የቦብ ማርሌይ ክርክር

ለእኛ አገር ነጋዴ በጣም የሚቀርበው ምሳሌ የቦብ ማርሌይ ነው። ቦብ እ.ኤ.አ. በ1978 ኢትዮጵያ መጥቶ ሻሸመኔን ጎብኝቷል። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ 60ኛ የልደት በዓሉ በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ በታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ተከብሯል። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ካናቴራ ከእሱ ፊት ጋር መሸጥ ከዚያም በፊት የነበረ፣ ዛሬም ያለ ንግድ ነው።

በአሜሪካ ግን ይኸው ፊት ብዙ ዓመት ያስኬደ ክርክር አስነስቷል። ኤ.ቪ.ኢ.ኤል.ኤ. የተባለ ድርጅት የቦብን ፎቶግራፎች ከአንድ ፎቶግራፍ አንሺ አገኘ። ከዚያም ለካናቴራ አታሚዎች አከራየ፤ ካናቴራዎቹም እንደ ዋልማርትና ታርጌት ባሉ ትልልቅ መደብሮች ተሸጡ። የቦብ ልጆች ኩባንያ የሆነው ፊፍቲ ሲክስ ሆፕ ሮድ ሚዩዚክ እና ከእሱ ፈቃድ የነበረው ዛየን የተባለው ካናቴራ አምራች እ.ኤ.አ. በ2008 ከሰሱ። የኔቫዳው ፍርድ ቤት ዳኝነት ጉባዔ እ.ኤ.አ. በ2011 ለከሳሾቹ ፈረደ። የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2015 ውሳኔውን አጸና።

ከዚህ ክርክር ነጋዴ የሚማረው ትልቅ ነገር አለ። ተከሳሾቹ ፎቶግራፉን ሰርቀው አልነበረም፤ ከባለሙያው አግኝተውታል። የተሸነፉት ሸማቹ ካናቴራውን ሲያይ የቦብ ቤተሰብ የፈቀደው መስሎት ይሳሳታል ተብሎ ስለታመነ ነው። ስለዚህ አንድ ደላላ «ፎቶውን ካነሳው ሰው ገዝቼዋለሁ፣ ይኸው ደረሰኙ» ቢል ነገሩ አላለቀም። የፎቶው ባለቤት የፊቱ ባለቤት አይደለም።

ጃኖ ልብሱና ጃኖ ባንዱ

ከአገራችን ጉዳዩን በቅርብ የሚያሳየው ጃኖ ባንድ ነው። ጃኖ ቀይ ጥለት ያለው ባህላዊ የጥጥ ልብስ ሲሆን ቀድሞ የመኳንንትና የባለማዕረግ መለያ ነበር። ባንዱ ይህን ስም ይዞ ሮክን ከአገር ቅኝት ጋር አዋሕዶ ተነሣ፤ «ኤርታሌ» የተሰኘውን የመጀመሪያ አልበሙን በ2005 ዓ.ም. ሲያወጣ ፕሮዲዩሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነበር። የሮክ ባንድ ስሙን ከልብስ ሲወስድ፣ ልብስ ነጋዴው ደግሞ የባንዱን ስም በልብስ ላይ ሲያትም መስመሩ የት ላይ ነው የሚለው ጥያቄ ይመጣል።

መልሱ በመርሕ ደረጃ ቀላል ነው። ሸማኔው ቀይ ጥለት ያለው ጃኖ ቢሠራ፣ ነጋዴውም «ጃኖ» ብሎ ቢሸጠው ማንንም አያስፈቅድም። ቃሉ የዕቃው የወል ስም ነውና አንድ ሰው ብቻውን ሊይዘው አይችልም። የባንዱን ምልክት በተሣለበት አጻጻፍ፣ የአልበሙን ሽፋን ወይም የአባላቱን ፎቶ በካናቴራ ላይ አትሞ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለዚያ የባንዱን ወይም የሕጋዊ ወኪሉን የጽሑፍ ስምምነት ይጠይቃል። ይህ ሚዛን ለማንኛውም የአገራችን ድምፃዊና ባንድ ይሠራል።

ኢትዮጵያ ራሷም ከፈቃድ ሰጪው ወገን ቆማ ታውቃለች። የሲዳሞ፣ የሐረርና የይርጋጨፌ ቡና ስሞች በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡ መንግሥት በተከራከረ ጊዜ ከስታርባክስ ጋር የነበረው አለመግባባት እ.ኤ.አ. በ2007 በፈቃድና በማስተዋወቅ ስምምነት ተፈትቷል። በቡናችን ስም ያለፈቃድ አይነገድብን ያልን ሰዎች በሰው ስም ስንነግድ ያው ጥያቄ ወደ እኛ ይመለሳል።

ሕጉ ምን ይላል?

በአገራችን ይህን ጉዳይ የሚገዙት ዋና ዋና ሕጎች የሚከተሉት ናቸው።

የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998። በዚህ አዋጅ የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘው የምዝገባ የምስክር ወረቀት ሲሰጥ ነው። ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፤ በየ7 ዓመቱም ይታደሳል። አውቆ መብት የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት፣ በከባድ ቸልተኝነት የጣሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። ዕቃው መያዝና መወረስ ይከተላል።

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በ2007 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 872 እንደተሻሻለው። የሥዕልና የፎቶግራፍ መብት በዚህ ሥር ይወድቃል። የሥዕል የኢኮኖሚ መብት ሠዓሊው በሕይወት እያለና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት፣ የፎቶግራፍ ደግሞ ፎቶው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ይጠበቃል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል ያለፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቀጣዩ አንቀጽ የሰውየውን ዝነኛነት ጨምሮ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ያስቀምጣል። ይህን ይዞ «ዝነኛ ስለሆነ እንደ ልቤ አትማለሁ» የሚል ነጋዴ አይጠፋም። ዝና ለዜናና ለታሪክ እንጂ ለካናቴራ ሽያጭ በቂ ምክንያት መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ግን ዳኛ ነው። ያንን ክርክር በራሱ ገንዘብ ለመሞከር የሚቸኩል ሰው ሊኖር አይገባም።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ሸማቹን የሚያደናግር የንግድ ተግባርን ይከለክላል። አስመስሎ የተሠራን ዕቃ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ መሸጥ በዚህም በኩል ያስጠይቃል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊል የሚገባው የውጭ ባንዶችን ጉዳይ ነው። ጥበቃው ከምዝገባ የሚመነጭ በመሆኑ የአንድ የውጭ ባንድ ምልክት እዚህ አገር መመዝገብ አለመመዝገቡ ለውጥ ያመጣል። ይህንንም ከኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማጣራት ይቻላል። ይሁን እንጂ «አልተመዘገበም» የሚለው መልስ የነገሩ ማብቂያ አይደለም። ዕቃው ወደ ውጭ ሲላክ የሚጠብቀው የዚያ አገር ሕግና ጉምሩክ ነው። ዛሬ ያልተመዘገበም ነገ ሊመዘገብ ይችላል። ትልቅ ገንዘብ ከማፍሰስ በፊት የሕግ ባለሙያ ማማከር ከኪሳራ ይርካሽ ነው።

እውነተኛውን መለየት

ገዢም ሆነ ቸርቻሪ ካናቴራውን እጁ ላይ ይዞ የሚከተሉትን ይመልከት።

አንደኛ፣ የመብት መስመር። ፈቃድ ባለው ካናቴራ ላይ ከሥዕሉ ሥር ወይም ከአንገቱ ውስጥ በትንሹ የተጻፈ መስመር ይገኛል። በክብ ውስጥ ያለች የላቲን «ሲ» ፊደል፣ ዓመተ ምሕረትና የመብቱ ባለቤት ስም ይኖራል፤ ብዙ ጊዜም «በፈቃድ የተመረተ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ይከተላል። መስመሩ ከሌለ መጠርጠር ነው። ካለ ደግሞ የተጻፈው ድርጅት በእርግጥ የዚያ ባንድ ፈቃድ ያለው መሆኑን ማጣራት ነው፤ መስመሩም ራሱ ይቀዳልና።

ሁለተኛ፣ የአንገት ምልክትና ተንጠልጣይ ካርድ። የፈቃድ ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ ሲያዘነብሉት የሚያንጸባርቅ ተለጣፊ ይጠቀማሉ። አንዱ ካናቴራ ተለጣፊ ኖሮት ሌላው ከሌለው፣ ወይም ተለጣፊው ለብቻው በጥቅል የሚሸጥ ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው።

ሦስተኛ፣ ኅትመቱ። ከኢንተርኔት የወረደ ሥዕል ሲታተም ጠርዙ ይደበዝዛል፤ ፊደሎቹ ይሻገራሉ፤ ቀለሞቹ አንዱ በሌላው ላይ ይፈስሳሉ። ባለፈቃዱ አታሚ ንድፉን የሚያገኘው ከባለመብቱ ስለሆነ መስመሩ የጠራ ነው።

አራተኛ፣ ጨርቁ። በካሬ ሜትር 150 ግራም አካባቢ የሚመዝን ካናቴራ ስስ ነው፤ 180 ግራምና ከዚያ በላይ ያለው ወፍራም ነው። ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ደባርቅ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች ፓርክ የሚወጣ መንገደኛ ስሱን አይፈልግም፤ ወፍራሙን ወይም ባለቆቡን ሹራብ ይመርጣል። ለደጋው ገበያ የሚያዝ ነጋዴ ይህን ያስብበት።

አምስተኛና ዋናው፣ ወረቀቱ ነው። ደረሰኝ የማይሰጥ አከፋፋይ የፈቃድ ውል ይኖረዋል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። እውነተኛ አከፋፋይ የውሉን ቅጂ ዋጋዎቹን ሸፍኖ እንኳ ቢሆን ያሳያል፤ ካልፈለገም ባለመብቱን በቀጥታ ጠይቆ ማረጋገጥ የሚቻልበትን አድራሻ ይሰጣል።

የቦንዳው ዕድል

በሰልባጅ ገበያ የሚነገር ወሬ አለ፤ ከቦንዳ ውስጥ የድሮ ባንድ ካናቴራ አውጥቶ በብዙ ዶላር የሸጠ ሰው አለ ይባላል። ወሬው መሠረት የለውም አይባልም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሙዚቃ ዝግጅቶች ላይ የተሸጡ ኦሪጅናል ካናቴራዎች ዛሬ በአሜሪካና በጃፓን ሰብሳቢዎች ዘንድ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር የሚፈለጉ አሉ። ከመለያቸው አንዱ የእጅጌውና የታችኛው ጠርዝ ስፌት ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ ብዙው ካናቴራ በአንድ መስመር ክር ይሰፋ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት መስመር ተለመደ። ግን ባለ አንድ መስመርም ዛሬ ተመስሎ ይሠራል።

ይሁንና ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ማስገባት የተከለከለ ነው። በመተማም ይግባ በሌላ በር፣ ቦንዳው ከተያዘ ውስጡ ያለው ውድ ካናቴራም አብሮ ይወረሳል። ዕድልን ንግድ አድርጎ መያዝ አይቻልም።

ሒሳቡ

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። የሚከተሉት ዋጋዎች ለማስረዳት ብቻ የተወሰዱ ሲሆኑ ታክስ አልተጨመረባቸውም።

አንድ ነጋዴ ከአንድ የአገር ባንድ ጋር ተዋውሎ 400 ካናቴራ ያሠራል እንበል። ወፍራም ካናቴራ በ450 ብር፣ ኅትመት በ100 ብር፣ ተለጣፊና ካርድ በ20 ብር፤ በድምሩ አንዱ 570 ብር ይወጣበታል። ለቸርቻሪ በ800 ብር ያስረክባል። ለባንዱ ከማስረከቢያው ዋጋ 10 በመቶ፣ ማለትም 80 ብር ይከፍላል። ለእሱ ከአንዱ 150 ብር፣ ከ400ው 60,000 ብር ይተርፈዋል።

ሌላው ነጋዴ ማንንም ሳያስፈቅድ በስስ ጨርቅ አሳትሞ አንዱን በ400 ብር ያወጣዋል፤ በ550 ብር ያስረክባል። የእሱም ትርፍ ከአንዱ 150፣ ከ400ው 60,000 ብር ነው። ያወጣው ግን 160,000 ብር ብቻ ሲሆን ባለፈቃዱ 228,000 ብር አውጥቷል። ያለፈቃድ የሠራው ወጪውን የሚመልሰው 291ኛውን ሲሸጥ ሲሆን፣ ባለፈቃዱ የባንዱን ድርሻ ቀንሶ 317ኛው ላይ ነው። ፈተናው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አስመስሎ መሥራት በአነስተኛ ካፒታል እኩል ትርፍ ይሰጣል።

ሚዛኑ የሚለወጠው ዕቃው ሲያዝ ነው። 160,000 ብሩ አንድ ጊዜ ቢወረስ ያንን ለመተካት በ150 ብር ትርፍ 1,067 ካናቴራ መሸጥ ይኖርበታል። ይህም ሁለት ዙር ተኩል በላይ ሥራ ነው፤ እስሩን፣ ጠበቃውንና የተዘጋውን ሱቅ ሳንቆጥር። በተጨማሪም ያለፈቃድ የሚሠራ ሰው ሥዕሉን ጎረቤቱ ቢቀዳበት የሚከስበት መብት የለውም። ባለፈቃዱ ግን ውሉ ብቸኛ አከፋፋይ ካደረገው ገበያውን የሚጠብቅለት ሰነድ አለው።

ባለፈቃዱም ቢሆን ውሉን ሳያነብ አይፈርም። ብዙ ውሎች «ዝቅተኛ ዋስትና» የሚባል ነገር አላቸው፤ ሽያጩ ቢያንስም የሚከፈል ገንዘብ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ ዋስትናው 20,000 ብር ቢሆንና 200 ካናቴራ ብቻ ቢሸጥ የባንዱ ድርሻ 16,000 ብር ነበር፤ ነጋዴው ግን 20,000ውን ይከፍላል። ውሉ ሲያበቃ የቀረው ዕቃ በስንት ወር ውስጥ ሊሸጥ እንደሚችልም መጻፍ አለበት። ይህ የማራገፊያ ጊዜ ካልተጻፈ ትናንት ሕጋዊ የነበረው ዕቃ ዛሬ ሕገወጥ ሊሆን ይችላል።

የጎንደርን ወቅታዊ ሁኔታም በሒሳቡ ውስጥ ማስገባት ግድ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት የጎብኚውን ቁጥርና የመንገዱን ጉዞ ጎድቷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ካናቴራ ዋጋ በብር ሲሰላ ከብዷል። ስለዚህ ለውጭ ጎብኚ ብቻ ተብሎ ብዙ ዕቃ ከማከማቸት ይልቅ በአገር ውስጥ ጨርቅ፣ ከአገር ባንድ ጋር በትንሽ መጠን ተዋውሎ መጀመር አደጋው ያንሳል።

ከመክፈል በፊት

ለማጠቃለል፣ ገዢ ነጋዴ ገንዘቡን ከማስረከቡ በፊት አምስት ጥያቄ ይጠይቅ። የምልክቱ፣ የሥዕሉና የመልኩ ባለቤት ማን ነው? ከእሱ እስከ እኔ ድረስ ያለው ውል በጽሑፍ ተያይዟል? ውሉ ኢትዮጵያን ይሸፍናል፣ መቼስ ያበቃል? ምልክቱ በባለሥልጣኑ መዝገብ ላይ ይገኛል? ዕቃው ባይሸጥ ኪሳራው የማን ነው?

ለአምስቱም መልስ ያገኘ ነጋዴ ለጥምቀት ሊያደርስ ከፈለገ ውሉን በጥቅምት ይፈርም፤ ናሙናውን በኅዳር ያጽድቅ፤ ኅትመቱን በታኅሣሥ ያስጨርስ። ለአንዱ እንኳ መልስ ያጣ ግን ዋጋው ምንም ቢረክስ ቀብድ አይክፈል።